ተስፋችን የሚያርፈው በመዳኑ ላይ ነው ወይስ በእግዚአብሔር ላይ?

መምህርት፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዚህ መድረክ እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርሁ፤ ዛሬ የጻፍሁት ለብቻዬ ልሸከመው ያልቻልሁት ጥያቄ ስላለኝ ነው። ባለቤቴን ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም ከጥቂት ቃላት በቀር ጠፍቷል። ክትትሉን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያደርጋል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። እኔ አስተምራለሁ፤ ታላቋ ልጃችን ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፤ ታናሹ ገና ልጅ ነው።

ሊጠይቁን የሚመጡት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እግዚአብሔር ብድራታቸውን ይክፈል። ነገር ግን ደጋግመው የሚነግሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ «ለበጎ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሌላው «እምነት ካለሽ ከዚህ አልጋ ይነሣል» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ስሰማ ልቤ ይዘጋል። ሁለተኛውን ስሰማ ደግሞ ባለቤቴ እስካሁን ያልተነሣው በእኔ እምነት ማነስ ይመስል ሌሊቱን ራሴን ስመረምር አድራለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የአንድ ክርስቲያን ተስፋ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? ባለቤቴ እንደ ቀድሞው ይሆናል ብዬ መጠበቄ ነው ተስፋ? ያ ባይሆን ተስፋዬ ከንቱ ነበር ማለት ነው? ስትመልሱልኝ እባካችሁ ለማጽናናት ብቻ አትጻፉ፤ እውነት ነው ብላችሁ የምታምኑትን ጻፉልኝ።

ዲያቆን፣ መንደራ ሰፈር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ሁላችሁንም ያጽናችሁ። በእምነትዎ ማነስ የመጣ ነው በሚለው ሐሳብ ልጀምር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊወገድ የሚገባው ሸክም እርሱ ነው። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ። ካደረጉት ሁሉ የተሻለው ያ ነበር። አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ከእርሱ ጥፋት መፈለግ ሲጀምሩ ግን ቁስሉን አባሱበት፤ በመጽሐፉ መጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በሚያለቅሰውና በሚሟገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በተናገሩት ወዳጆቹ ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ይህን ያነበበ ሰው በታማሚ ቤት ሲገባ ለአንደበቱ ይጠነቀቃል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ጊዜ ሲያገኙ ሰቆቃወ ኤርምያስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መቀመጫ እንዲያነቡት እመክራለሁ። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ኢየሩሳሌምን አፍርሰው መቅደሱን ካቃጠሉ በኋላ የተለቀሰ ልቅሶ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ቁጥር 18 ላይ ተናጋሪው ከእግዚአብሔር የነበረው ተስፋ እንደ ጠፋ በግልጽ ይናገራል። ሦስት ቁጥሮች ብቻ አልፈው ግን ያው ሰው ተስፋ አደርጋለሁ ይላል። በእነዚህ በሦስቱ ቁጥሮች መካከል ቅጥሩ አልተሠራም፤ የተማረኩት አልተመለሱም፤ የተራቡት ሕፃናት እንጀራ አላገኙም። በውጭ የተለወጠ ምንም ነገር የለም። እርሱ ያደረገው የእግዚአብሔር ምሕረት እንደማያልቅና ማለዳ ማለዳ አዲስ እንደ ሆነ ማሰብ ነው። እንግዲህ ተስፋው በከተማዪቱ መታደስ ላይ ቢያርፍ ኖሮ በዚያ ሰዓት ሊኖረው አይችልም ነበር።

ደግሞም ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ወደ ደስታ አልተሻገረም። አራተኛውና አምስተኛው ምዕራፍ እንደገና ልቅሶ ናቸው፤ የመጨረሻው ቁጥር እንኳ እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎን ይሆን በሚል ጭንቀት ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥራ ስታነብ የኖረችው እንባና ተስፋ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ስለምታውቅ ነው። ስለዚህ ሌሊት ማልቀስዎ ተስፋ ቢስ መሆንዎን አያሳይም።

የወጣቶች አገልጋይ፣ አጂፕ

ዲያቆን የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ብዙውንም እስማማበታለሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ፈውስን መጠበቅን እንደ ደካማ ተስፋ ከቈጠርነው ሰዎች መለመንን ያቆማሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ሳለ የልብሱን ጫፍ ብነካ እድናለሁ ብላ ቀረበች፤ ጌታም አላሳፈራትም። ሐዋርያው ያዕቆብም የታመመ ሰው ቢኖር ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ብሏል። እኔ በአገልግሎቴ የተፈወሱ ሰዎች አይቻለሁ። እህታችን ባለቤቷ እንደሚነሣ ማመኗን ማንም እንዲያቀዘቅዝባት አልፈልግም። የሰው እምነት አነሰ ብሎ መክሰስን ግን እኔም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ያንን የሚያደርግ አገልጋይ ቢኖር ሊታረም ይገባዋል።

ዲያቆን፣ መንደራ ሰፈር

ወንድሜ፣ መለመንን እናቁም አላልሁም፤ እንዲህ ተነብቦብኝ ከሆነ ላብራራ። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ጌታን ለምኖ፣ ጸጋዬ ይበቃሃል የሚል መልስ ተቀበለ እንጂ መለመኑ እንደ ነውር አልተቈጠረበትም።

እኔ የምለው ልመናው ሊኖረው ስለሚገባው መሠረት ነው። ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ስናከብር ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት መውጣታቸውን በእልልታ እንሰማለን፤ መስማታችንም የተገባ ነው። ነገር ግን ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለናቡከደነፆር የመለሱትን ቃል ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፈዋለን። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉት፤ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉት። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። ይችላል የሚለውን የጣለ ሰው ጸሎቱን ይተዋል፤ ባያድነን እንኳ የሚለውን የጣለ ሰው ደግሞ ነገሩ እንዳሰበው ሳይሆን የቀረ ዕለት አምላኩን ይተዋል። እህታችን ሁለቱንም አጥብቃ እንድትይዝ ነው ምኞቴ።

ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የሚያስችለን የክርስቶስ ትንሣኤ ነው። በዚህች ሕይወት ብቻ ክርስቶስን ተስፋ የምናደርግ ከሆነ ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች እንደ ሆንን ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጠማ ሲያድሉን ልብ ይበሉ። ዕለቱ ገና ቅዳሜ ነው፤ ጾሙ አልተፈታም፤ የትንሣኤው ሌሊት አልደረሰም፤ እኛ ግን ለኖኅ የውኃውን መጕደል ያበሠረችውን ርግብ እያሰብን ቄጠማውን በራሳችን ላይ እናስራለን። የእኛ ኑሮ በዚያ ቅዳሜ ውስጥ ነው ብዬ አስባለሁ። የሚመጣውን እናውቃለን፤ ግን ገና አልነጋም። ባለቤትዎ በዚህ ዓመት ተነሥቶ ቢራመድ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ባይራመድም በመጨረሻው ቀን ሥጋው በክብር መነሣቱ አይቀርም።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ጅማ

እኔ ስለ ነገረ መለኮት የምጨምረው ብዙ የለኝም፤ ክርስቲያንም የጤና ባለሙያም ስለ ሆንሁ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። እህቴ፣ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቱን በምንም ምክንያት እንዳታቋርጪበት። ጸበልም ይሁን የፈውስ ጸሎት የሚወስዱ ሰዎች «መድኃኒቱን መተው የእምነት ምልክት ነው» ሲባሉ በተደጋጋሚ አያለሁ፤ ከዚያም ሁለተኛ ስትሮክ ይዟቸው ይመጣሉ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም የተወደደው ባለ መድኃኒት ብሎ ነው የጠራው።

ከስትሮክ በኋላ ፈጣኑ መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በሩ አይዘጋም። እንቅስቃሴውን በየቀኑ የሚሠራ ሰው በዝግታም ቢሆን መሻሻሉን ይቀጥላል። ሌላው፣ ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ታማሚዎች አንዱ ያህል በድብርት ይጠቃል። ባለቤትሽ ምግብ ቢጠላ፣ ሰው ማየት ባይፈልግ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ የእምነት መዳከም አድርገሽ እንዳትወስጂው፤ ለሐኪሙ ንገሪው፣ የሚታከም ነገር ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ነፍሴን ውሰዳት ባለ ጊዜ መልአኩ ያቀረበለት የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የሚመለከተው አንቺንም ነው፤ ሌሊቱን ራስሽን ስትመረምሪ ካደርሽ ቀን ማን ያነሣዋል?

ቡና አምራች፣ ማና ወረዳ

እኔ እንደ እናንተ የተማርሁ አይደለሁም፤ ልጄ እያነበበችልኝ ነው የተከታተልሁት፤ ይህንም የምትጽፍልኝ እርሷ ናት። ለእህታችን የትንቢተ ዕንባቆምን መጨረሻ እንድታነብ ልንገራት። በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፣ ላሞችም በጋጡ ባይገኙ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ከተማ ላለ ሰው ይህ ቅኔ ሊመስለው ይችላል። ለገበሬ ግን ዝርዝሩ እያንዳንዱ የሚታወቅ ነው፤ የዓመቱ ቀለብ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ፣ የዕዳ መክፈያው ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። ቡና አንድ ዓመት ይሸከማል፣ በሚቀጥለው ይሳሳል። ጥቅምት ገብቶ ዛፉ ባዶ ሆኖ የታየበትን ዓመት እኔም አውቀዋለሁ። ደግሞም ነቢዩ ይህን ያለው መጽሐፉን እስከ መቼ አትሰማኝም በሚል ክስ ከጀመረ በኋላ ነው። መጀመሪያ አልተደሰተም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡናን ፍሬ በእንጭጩ የሚያጠቁረው በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ አባቶቻችን ቡና ቀረ ብለው ነበር። ባለሙያዎቹ መፍትሔውን ያገኙት በሽታው ባጠቃቸው ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እየፈለጉ፣ ከእነርሱ ዘር እየወሰዱ ነው። ዛሬ እኛ የምንተክላቸው 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከዚያ የተገኙ ናቸው፤ እዚህ ጅማ ካለው ከመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው የሚመጡልን። እኔም ጭንቅ ሲመጣብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። በዚያው በሽታ መካከል ቆመው የተገኙ ሰዎችን እፈልጋለሁ፤ ከእነርሱ አጠገብ እቀመጣለሁ። እህቴም በአጥቢያዋ እንዲህ ያለች እናት አታጣም። ብዙ የምታወራውን ሳይሆን ብዙ ያሳለፈችውን ትፈልግ።

የእድር ጸሐፊ፣ በቾ ቦሬ

አጭር ነገር ልጨምር። ሸክማችሁን እርስ በርሳችሁ ተሸከሙ የሚለው የሐዋርያው ትእዛዝ ለሁላችንም የተሰጠ ስለ ሆነ፣ ልጅዎ ፈተናዋን እስክትጨርስ ድረስ ከሰዓት በኋላ ከባለቤትዎ ጋር የሚቀመጥ ሰው በየተራ መመደብ ይቻላል። በእኛ ሰፈር ለአንድ ጎረቤታችን እንዲህ ስናደርግ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይጠየቁ ሁለት ቀን የእኛ ይሁን ብለው ወስደው እስከ መጨረሻው አልተጓደሉም። እድርዎ ለሞት ብቻ የተቋቋመ እንዳይመስልዎት፤ ይጠይቁ። መጠየቅ የሚያሳፍርዎት ከሆነ የሚጠይቅልዎ ሰው ይላኩ።

መምህርት፣ ጅማ

የጻፋችሁትን ሁሉ ደጋግሜ አነበብሁት፤ ለልጄም አነበብሁላት። ባያድነን እንኳ የሚለው ቃል ከበደኝ፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁን በሙሉ አፌ ልለው አልቻልሁም። ነገር ግን ሳልፈራ ልመናዬን የማቀርብበት ቦታ እንዳገኘሁ ይሰማኛል፤ ከዚህ በፊት እያንዳንዱ ጸሎቴ የእምነቴ ፈተና ይመስለኝ ነበር። ስለ እድሩም አመሰግናለሁ፤ ጎረቤታችን ነገ እንድታነጋግርልኝ ጠይቄያታለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መከራቸው በዚህ ምድር ሳይፈታ ስላለፉ ሰዎች ስናወራ ብዙ ጊዜ ታሪኩን በድል እንጨርሰዋለን። ባልተፈታ መከራ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ተስፋውንም ያልጣለ ሰው በእኛው አገር የምታውቁ ካላችሁ ብትነግሩኝ።

ጡረተኛ ሽማግሌ፣ ፈረንጅ አራዳ

ልጄ፣ እኔ በመካነ ኢየሱስ ያደግሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ጥያቄሽን ሳነብ ወዲያው ያሰብሁት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ነው። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ያሉ ሰው ናቸው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ከስብከት አገልግሎት ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በደርግ ሰዎች ታፈኑና ተገደሉ። ወይዘሮ ፀሐይ ግን ይህን በእርግጥ የሚነግራቸው አላገኙም። እርሳቸውም ታስረው አካላቸው እስኪጎዳ ተገረፉ፤ ያለ ፍርድም ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። የባለቤታቸው አፅም ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

እነዚያን ዓመታት አስቢያቸው። ባሏ በሕይወት ይኑር ይሙት የማታውቅ ሴት በምን ላይ ተስፋ ታደርጋለች? ይመለሳል በሚለው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልቧ አንድ ቀን ሲሰበር አንድ ቀን ሲጠገን ያልቅ ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ በእስር ቤት ውስጥ ከሌሎች እስረኞች ጋር መጸለያቸውንና ከወጡም በኋላ በእምነታቸው መኖራቸውን ነው የምናውቀው። በዚያው ዘመን ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም ፓትርያርካቸውን አቡነ ቴዎፍሎስን አጥተዋል፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ ምእመናኗ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየሆኑ ይጸልዩ ነበር። እኛም በጅማ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። የደርግን መውደቅ ማናችንም በቀን ቈጥረን አልጠበቅነውም። በየሳምንቱ የምንጠብቀው አብረውን ይጸልዩ የነበሩት ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንትም መምጣታቸውን ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ መከራሽን ከእነርሱ መከራ ጋር እንድታወዳድሪና የአንቺ ያንሳል እንድትዪ አይደለም። መከራ በሚዛን አይለካም። የጠየቅሽው ሰው መኖሩን ላሳይሽ ብቻ ነው።

መምህርት፣ ጅማ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይህን ለባለቤቴ አነበብሁለት፤ በጥሞና ሰማኝ፤ ግራ እጁን አንሥቶም እንደገና እንዳነብለት ምልክት ሰጠኝ። ስለ እኔ ተስፋ ብቻ ስጠይቅ ከርሜ የእርሱን ተስፋ ማንም አልጠየቀውም፤ ሊመልስ አይችልም ብለን ነው። ንግግር የጠፋው ሰው እንዴት አብሮን ሊጸልይ ይችላል? ባለሙያዋ እህቴ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ጅማ

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀኝ ጎን ሲመታ ንግግር አብሮ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የንግግር ማዕከሉ በግራው የአንጎል ክፍል ስለሚገኝ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች የሚነገረውን ይረዳሉ፤ የሚቸግራቸው ቃሉን ማውጣቱ ነው። ስለዚህ እርሱ ባለበት ስለ እርሱ እንደሌለ ሰው አታውሩ፤ አዎን ወይም አይደለም ብሎ በእጁ ሊመልስ የሚችለውን ጥያቄ እየጠየቃችሁ ሐሳቡን አውጡ። ምን እንድትጸልዩለት እንደሚፈልግም ጠይቁት።

ሌላው ደግሞ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችሉ ሰዎች ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁትን መዝሙር ከነቃሉ ሲዘምሩ፣ አባታችን ሆይንም ከሌሎች ጋር ሲደግሙ በሥራዬ አይቻለሁ። ዜማና በቃል የተያዘ ጸሎት ከተራ ንግግር በተለየ መንገድ በአንጎል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለሁሉም ባይሠራም መሞከሩ ተገቢ ነው። እንዲህ አድርጊ። ደክሞት በማይሆንበት በጠዋት ሰዓት ሬድዮውንም ቴሌቪዥኑንም አጥፊና ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። እርሱ በደንብ የሚያውቀውን አንድ አጭር መዝሙር ምረጪ፤ አዲስ አይሁን። በዝግታ ጀምሪና ከስንኙ የመጨረሻ ቃል በፊት ቆም በዪ፤ ቃሉን እርሱ እንዲሞላው ጊዜ ስጪው፤ ቸኩለሽ አትጨርሺለት። ቃሉ ባይወጣ ዜማውን ብቻ ቢያንጎራጕር ይበቃል። ልጆቹም ይኑሩ። በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮው ደግሞ ስለ ንግግር ሕክምና ጠይቂ፤ እኔም በምሠራበት ክፍል ካገኘኋችሁ የእጁን እንቅስቃሴ አብረን እናያለን።